የተረከዝ ቦታ

ባለፈው ሰሞን አባቴን ልጠይቅ ሆሳዕና ሄጄ፣ የግቢያችንን በር ገና ሳልገፋው ሽታው ተቀበለኝ። የተላገ ዋንዛና የቆጮ ሽታ፣ ሁለቱ አንድ ላይ። አናጺ ያለበት ግቢ እንጨት እንጨት ይሸታል፤ እንሰት ያለበት ጓሮ ቆጮ ቆጮ ይሸታል፤ ሁለቱ ተደባልቀው አፍንጫ የሚሞሉበት ቤት ግን እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ተገተርኩ።

"ምነው ምሕረት፣ እንግዳ ሆንሽ እንዴ? ግቢ እንጂ" አለኝ አባቴ ከወርክሾፑ በር ላይ ሆኖ።

ምን ብዬ ልመልስለት? እኔ እኮ ገብቻለሁ፤ የገባሁት ግን የሦስተኛ ክፍል ቦርሳዬን አዝዬ ነው።

ያ ዓመት በቤታችን ሁለት ስም አለው። አባቴ "ፕላነሩ የገባበት ዓመት" ይለዋል፤ እናቴ "እማማ የመጡበት ዓመት" ትለዋለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንጨት መላጊያው ማሽን በሐምሌ ገባ፣ አያቴ በነሐሴ መጣች፣ በመስከረም ደግሞ ማሽኑና አያቴ ተገናኙ። ባይገናኙ ይሻል ነበር እንዳልል ደግሞ፣ እንጃ፣ ዛሬም አፌ አይደፍርም።

አባቴ እስከዚያ ክረምት ድረስ የሠራውን በርና ጠረጴዛ ሁሉ በእጅ መላጊያ ነው የላገው። ከዚህ የተነሳ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። እናቴ ሸሚዙን በተኮሰች ቁጥር "ይሄም እንዳንተ ሊዘም ነው" እያለች ትቀልድበት ነበር። ስለዚህ ፕላነሩ በአይሱዙ ተጭኖ፣ እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲመጣ፣ አባቴ ራሱ ነው እጁን ከሥሩ አስገብቶ ያወረደው። ማንንም አላምንም አለ።

"ይሄ ከላይ የሚሽከረከር ስለት አለው፤ ከሥር ደግሞ የብረት አልጋ። ሳንቃውን በዚህ በኩል ታጎርሺዋለሽ፤ በዚያ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ውፍረት ይዞ ይወጣል" ብሎ አስረዳኝ። ለእኔ ሲያስረዳኝ ለራሱም እያስረዳ ነበር መሰለኝ፤ ዓይኑ ከማሽኑ ላይ አልተነሳም።

ማጉረሱ ግን ቀላል አልሆነም። ወርክሾፓችን ከጓሮው ጋር የተያያዘ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ ነው፤ ወለሉ ያኔ አፈር ነበር። መጀመሪያ ሲያስነሳው ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። እናቴ "ሊሄድብህ ነው፣ እሰረው" አለችው። አባቴ አልሳቀም። አጥፍቶ፣ ወለሉን ቆፍሮ፣ ድንጋይ ጠቅጥቆ ሲሚንቶ አፈሰሰበት፤ ዝናቡ እንዳያበላሸው ፕላስቲክ አለበሰውና እስኪደርቅ በትዕግሥት ጠበቀ። ከዚያ ውሃ ልኩን አውጥቶ ማሽኑ ላይ አጋደመው። በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ወዲያ ወዲህ ስትል አየሁና ነፍስ ያላት ነገር መሰለችኝ።

"አባዬ፣ ምን ፈልጋ ነው?"

"መተኛት። መሃል ላይ ካልተኛች ማሽኑም አያርፍም" አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ በወርክሾፑ ሳልፍ አረፋዋን እንዳልቀሰቅሳት በእግሬ ጣት ነበር የምራመደው። ማሽኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሳንቃዎቹን ጫፍ ጠልቆ እየነከሰ አስቸገረው። በፊትና በኋላ ረጃጅም ማሳረፊያ ጠረጴዛ ሠራለትና ተወው። ውፍረቱን የሚወስነውን መያዣ ሲያዞር በጣም በጥቂቱ ነበር፤ የሚነሳው ፍቅፋቂ ከወረቀት እንዳይወፍር ይጠነቀቃል። "እንጨት ቢወፍር ይቀጥናል፤ ከቀጠነ ግን ማንም አያወፍረውም" ይል ነበር። አሮጌ እንጨት ከሆነ ደግሞ ሚስማር እንዳለበት ለማወቅ አስቀድሞ ማግኔት ያስኬድበታል። ጠንቃቃ ሰው ነው አባቴ። ይህንን የምለው በኋላ ለሚመጣው ነገር ነው።

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ የመጣችው ከዶዮገና ነው። ወንዱ አያቴ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ሞቶ፣ ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀርታ ነበር። ጉልበቷን ያማታል፤ ጎረቤት ካላያት ወድቃ የምታድርበት ጊዜ ነበረ። አባቴ እየተመላለሰ ለመናት፣ ለመናት፣ በመጨረሻ "ለክረምቱ ብቻ" ብላ እሺ አለች። አባቴ ግን ለክረምቱ ብቻ እንድትሆን አልፈለገም። ከእኛ ጋር እንድትቀር ነበር ምኞቱ ሁሉ። አባቱ የሞተ ዕለት አጠገቡ አልነበረም፤ እናቱም እንደዚያ ብቻዋን እንዳትሆንበት ነበር የሚፈራው። እኔ ልጅ ሆኜ እንኳ ይህን አውቅ ነበር፤ በየጸሎቱ ይለው ነበርና።

ከአውቶቡስ ስትወርድ የያዘችው የልብስ ጥቅል፣ መጽሐፍ ቅዱሷና በገመድ የታሰረ አንድ ሳንቃ ነው።

አባቴ ሳንቃውን ከአውቶቡሱ አናት ላይ እየተቀበለ፣ "እማ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ እንጨት ጭነሽ? አናጺ ቤት እንጨት ጠፍቶ?" ብሎ ሳቀ።

አያቴ አልሳቀችም። "እንጨት አይደለም" አለች።

እንሰት የምትፍቅበት ሳንቃ ነበር። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ እንሰት ሲፋቅ ሳንቃው ዘንበል ተደርጎ ግንድ ላይ ይደገፋል። ሴትየዋ መሬት ላይ ትቀመጥና የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ ሳንቃው ላይ ዘርግታ፣ እንዳይንሸራተት ከላይ በተረከዟ ትይዘዋለች፤ ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ቆጮ የሚሆነው ያ የሚወርደው ነው። የአያቴ ሳንቃ ከዘመን ብዛት ጠቁሮ፣ ከላይ በኩል ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጎድጉዶ ነበር። አንድ ቀን እግሬን ይዛ እዚያ ውስጥ አስገባችልኝና፣ "ይሄ የእናቴ ነው" አለችኝ። ከእናቷ የወረሰችው፣ ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ የረገጡት ነው። እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው። ቅድመ አያቴ እግሯን አስገብታ ረስታው የሄደች፣ እግሩ እዚያው እንጨቱ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ሳንቃው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሳየው፣ ቀስ ብዬ "ደኅና አደሩ" እለው ነበር። መልስ ባይኖርም አልቀየምም፤ እግር አያወራም።

አባቴ ይህንን ሁሉ አያውቅም። ሊያውቅም አይችልም። በአያቴ አገር እንሰት ሲፋቅ ወንድ አጠገቡ አይደርስም፤ በመንገዱ ቢያልፍ እንኳ ፊቱን አዙሮ ነው። ያንን ሳንቃ ከተወለደ ጀምሮ ያየው ግድግዳ ላይ ተደግፎ እንጂ ሥራ ላይ ሆኖ አይደለም። በአናጺው አባቴ ዓይን ያ ጉድጓድ ምን ነበር? ጉዳት ነው። የሚጠገን ነገር።

መስቀል ሊገባ ሲል አያቴ ለለቅሶ ወደ ዶዮገና ሄደች። እሷ በሌለችበት አባቴ ስጦታ አሰበ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የማሽኑን ድምፅ ከመንገድ ሰማሁት። ወፍራም እንጨት ሲገባበት ያጉረመርማል፤ እየቀጠነ ሲሄድ ድምፁም ይቀጥናል። የዚያ ቀን ድምፅ ቀጭን ነበር። በሩ ጋ ስደርስ መሃሉ ላይ "ጠቅ" ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ አባቴ አጠፋው። ውስጥ ስገባ ዳሱ ሁሉ ቆጮ ቆጮ ይሸታል። ያ ነው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ሽታ።

"ነይ እዪ" አለኝ አባቴ፤ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ ተኝቶበት፣ ፊቱ ግን ያበራል። "አያትሽ ስትመጣ ምን ትል ይሆን?"

ሳንቃው አዲስ ሆኗል። ነጥቷል፣ ለስልሷል፣ ውፍረቱ በግማሽ ቀንሷል። ተረከዙ እስኪጠፋ ድረስ ነበር ደጋግሞ ያስገባው። በእጄ ብፈልግ፣ ብፈልግ የለም።

"እግሯስ?" አልኩት።

"የማን እግር?"

ከማሽኑ ሥር ተንበርክኬ ጥቁር ጥቁሩን ፍቅፋቂ በማዳበሪያ ከረጢት መልቀም ጀመርኩ። አባቴ ለእሳት ማቀጣጠያ መሰለውና "ጎበዝ" አለኝ።

የዚያች "ጠቅ" ምክንያትም በኋላ ታወቀ። ተረከዙ ያረፈበት ስንጥቅ ውስጥ ጠጠር ተቀርቅራ ኖሯል፤ ማግኔት ደግሞ ብረት እንጂ ድንጋይ አያውቅም። ስለቱን ትንሽ ቆርሳው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፕላነሩ የሚወጣ ሳንቃ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር የመሰለ ቀጭን መስመር ይዞ ይወጣ ጀመር።

አያቴ ስትመለስ አባቴ ሳንቃውን በንጹሕ አንሶላ ሸፍኖ ጠበቃት። ገለጠላት። መዳፏን ከታች ወደ ላይ ሳበችው፤ ላይኛው ጫፍ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

"እጅህ ይባረክ" አለች።

አባቴ ደስ ብሎት እናቴን ዞሮ አያት። እናቴ የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች። እሷም እንሰት የምትፍቅ እናት ልጅ ናት፤ አንድ ጊዜ አይታ ገብቷታል። አባቴ ተከትሏት ገብቶ፣ "ምን አጠፋሁ?" ሲላት ሰማሁት። ነገረችው። ከዚያ "ምነው አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ?" አለ።

"ሳትጠይቅ ላግከው፣ አሁን ትጠይቃለህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለችው እናቴ። ስትቆጣ አይደለም፤ ድምፅዋ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር።

በማግስቱ አያቴ ቁርሷን በልታ ስትጨርስ፣ "መስቀል ይለፍና ወደ ቤቴ እሄዳለሁ" አለች። ማንንም አልወቀሰችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር ለአባቴ። መሮና እርሳስ ይዞ መጥቶ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ እግሯ ሥር ተቀመጠ።

"እማ፣ እግርሽን አሳርፊልኝ። ዙሪያውን ሥዬ ልክ እንደ ነበረው እጠርበዋለሁ።"

"ተወው ልጄ። ይሄ በመሮ አይገባም።"

"ታዲያ በምን ይገባል?"

"በመኖር ነው የሚገባው" አለችና ነጠላዋን አጣፋች።

መስቀል ያን ዓመት ቤታችን ገብቶ ወጣ እንጂ አልቆየም። ክትፎው ነበረ፣ ዘመድ ነበረ፣ ጨዋታ አልነበረም። ፕላነሩ ብርድ ልብሱን እንደለበሰ ዝም አለ። ለቤተ ክርስቲያን የታዘዘ አግዳሚ ነበረበት፤ አባቴ ሳንቃዎቹን አውጥቶ በእጅ መላጊያ ይልግ ጀመር፤ የተቆረሰውን ስለት እንኳ አልለወጠውም። እኔ አረፋዋ የተኛችው ስላዘነች ነው ብዬ አመንኩ።

አያቴ የምትሄድበት ጠዋት ባጃጅ በር ላይ ቆመ። የልብስ ጥቅሏ ታስሯል፣ መጽሐፍ ቅዱሷ እጇ ላይ ነው። ሳንቃው ግን ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀርቷል። አባቴ አንስቶ ሊጭንላት ሲል፣ "እሱ ይቅር። ያንተ ሥራ ነው" አለችው። አባቴ ሳንቃውን እንደያዘ ቀረ። በሕይወቴ ሰው ቆሞ እንዲህ ሲወድቅ ያየሁት ያኔ ነው።

እኔ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ፤ አያቴ እናቷን ረስታ ልትሄድ ነው። ሮጬ ከአልጋዬ ሥር ከረጢቱን ጎትቼ አመጣሁና ፊቷ ዘረገፍኩት።

"ይሄ ምንድን ነው ልጄ?"

"የእናትሽ እግር። ሁሉንም ለቅሜዋለሁ። ትንሽ ነፋስ የወሰደው አለ።"

አያቴ ከረጢቱ ውስጥ እጇን አስገባች። ጥቁሩን ፍቅፋቂ አንስታ አሸተተችው። ከዚያ ባጃጁ ቆሞ፣ ሰው ቆሞ፣ የልብስ ጥቅሏ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለባሏ ለቅሶ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው ትላለች እናቴ። አባቴም አለቀሰ፤ ማንም ዝም በሉ የሚል አልነበረም።

ሲወጣላት ወደ እኔ ዞረች። "እግሯ እዚህ የለም፣ ምሕረት። እናቴ ስታገባ የተሰጣት ሳንቃ እንዲህ ነጭ ነበር፤ እንዲህ ለስላሳ። ምንም አልነበረበትም።" ይህን ስትናገር ለእኔ ነው የነገረችው፤ የሰማችው ግን ራሷ መሰለኝ። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ለአባቴ፣ "እስቲ አስተኛው" አለችው። ሳንቃውን መሬት ላይ አስተኛላት። ተረከዟን ላዩ ላይ አሳረፈች።

"ያንን ባለባጃጅ ሸኘው፣ ይሂድ" አለች።

አባቴ ለማመን ፈራ። "እስከ መቼ ትቆያለሽ እማ?"

"ተረከዜ እስኪገባ።"

እኔ ከፋኝ። እሷ ጠንካራ ሴት ናት፣ ለገና ታስገባዋለች፣ ከዚያ ትሄዳለች ብዬ አሰላሁ። እንጨት የሚያውቀው አባቴ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

ኅዳር ላይ የጓሮው እንሰት ተፋቀ። የሰፈሩ ሴቶች መጥተው ነበር፤ ግማሾቹ በሀዲይኛ፣ አያቴ በከምባትኛ፣ የማይግባቡበትን በአማርኛ እያወሩ። አዲሱ ሳንቃ አስቸገራት። ልጣጩ ይንሸራተትባታል፣ እግሯ የሚያርፍበት አጥቶ ይንገላታል። ሴቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። አያቴ መፋቂያዋን አስቀምጣ ወደ ወርክሾፑ አቅጣጫ አባቴን ጠራችው። መጣ፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ።

"ዙር" አለችው።

"እማ፣ ሴቶች ..."

"ባታይ ነው ያጠፋኸው። ዙርና እይ።"

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ዞረና እናቱ እንዴት እንደምትፍቅ በዚያ ዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ብዙ አልቆየም። ሲመለስ ፕላነሩን አስነሳው፤ የቀረውን አግዳሚ በእሱ ጨረሰው። መስመሩን በብርጭቆ ወረቀት አጠፋው እንጂ ስለቱን ግን ያን ዓመት ሙሉ አልነካውም።

አያቴ ወደ ዶዮገና የተመለሰችው ለመቀበር ብቻ ነው።

ባለፈው ሰሞን እንግዲህ፣ ሻንጣዬን ካስቀመጥኩ በኋላ፣ አባቴ "ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ" ብሎ ወርክሾፑ ውስጥ አስገባኝ። ፕላነሩ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ነው። ሳንቃውን ከግድግዳው አውርዶ ማሳረፊያው ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ውሃ ልኩን አስቀምጦ፣ አረፋዋ መሃል እስክትተኛ ድረስ በእንጨት ስንጣሪ እየደገፈ አስተካከለው። በዓይን ሲያዩት ሜዳ ነው፤ እኔም በመዳፌ ዳሰስኩት፣ ምንም የለም።

ከጆግ ውሃ በኩባያ ቀዳና ቀስ ብሎ አፈሰሰበት። ውሃው ተንጣለለ። ወደ ዳር የሄደው ፈሰሰ። የቀረው ትንሽ አመነታና፣ ላይኛው ጫፍ ጋ ተሰብስቦ፣ የአንድ ሴት ተረከዝ አክሎ ቆመ።

"ገብቷል" አለ አባቴ።

ሳንቃውን ከነውሃው ወደ መሬት እንዲያወርደው ለመንኩት። ጫማዬን አውልቄ ተረከዜን ውሃው ላይ አሳረፍኩ። አባቴ ፊቱን አላዞረም።